ባለቤትሽ መስክ ሲወጣ ሥራሽንና ልጆችሽን እንዴት ትይዣለሽ

ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ነው። እኔ ደግሞ ጎንደር አራዳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዩኬጂ ትማራለች። ትንሹ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ነው።

የመንገድ ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው መኪና ስለማያስገባ እሱ ቤት ይሆናል። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ጓዙን ይዞ ይወጣል። የእኔም ሥራ የሚጦፈው ልክ በዚያው ጊዜ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት የጎንደር ሴት የምር ነው የምትይዘው። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር 10 ማታ ድረስ ሱቄ ሰው አያጣም። ጥምቀት ሲያልፍ ደግሞ የጥር ሠርግ ይከተላል። ስለዚህ እሱ ሊማሊሞን ወርዶ በሚከርምበት ወቅት እኔ ከመቀስና ከልጅ ጋር ነኝ።

«ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከዓመት ዓመት ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰውን የሚጨርሰው ሁሉንም ነገር በዚያችው ደቂቃ ለብቻ መወሰኑ ነው። ልጁ አተኮሰ፣ ውኃ ጠፋ፣ ደንበኛዋ ቆማ ትጠብቃለች። ምን ይቅደም? ይህን ጥያቄ እሱ ከመውጣቱ በፊት ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? የምትቀረው አንተ ሆነህ የምትሄደው ሚስትህ ብትሆንም ያው ነው። እኔ ግን የማውቀው በእናት በኩል ያለውን ስለሆነ በ«አንቺ» እጽፈዋለሁ።

ከመውጣቱ በፊት

ረዘም ያለ መስክ ከሆነ ሳምንት ሲቀረው አንድ ምሽት ለዚህ ስጡ። ልጆቹ ይተኙ፣ ቡና ይፈላ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይቅረብ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጻፍ።

መጀመሪያ ገንዘቡ። የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የመብራቱን፣ የእቁቡንና የእድሩን ማን በስንት ቀን ይከፍላል? የመስክ አበል ዘግይቶ መግባት ልማዱ ነው። እኛ ቤት እሱ ከመሄዱ በፊት ለሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚበቃ ብር እኔ እጅ ይገባል፣ የቀረው በቴሌብር ይመጣል። የተወሰነው ግን በጥሬው ቤት ይቀመጥ። ኔትወርክ ከሄደ ቴሌብርም አብሮ ይሄዳል። ሌሊት ልጅ ታሞ ባጃጅ ስትጠሪ የሚያወጣሽ የእጅ ብር ነው።

ቀጥሎ ስልክ ቁጥር። ስልክሽ ውስጥ መኖሩ አይበቃም፣ ባትሪ ይዘጋል። በጉልህ ጽፈሽ ከበሩ ጀርባ ለጥፊው፤ ልጆቹን የሚይዝልሽ ሰውም እንዲያየው። እኛ በር ላይ የጎረቤታችን፣ የወንድሜ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የፖሊስ 991 አለ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን የሥራ ባልደረቦቹ ቁጥር ነው። የእሱ ስልክ ሲዘጋ የመኪናው ሹፌር ወይም የካምፑ ኃላፊ ይነሣል። «ደህና ነው፣ ተራራው ጀርባ ነው ያለው» የሚል አንድ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ያስተኛሻል።

ከዚያ ውሳኔዎቹን ለዩ። የትኛውን ሳትደውዪለት ትወስኛለሽ? የትኛው እሱን ይጠብቃል? እኛ ቤት ጤና የሆነ ነገር ሁሉ የእኔ ነው፤ ሐኪም ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው የምደውልለት። ዕቃ መግዛት፣ ሠራተኛ መቀየር፣ ለዘመድ ማበደር ይጠብቃል። አስቀድሞ የተስማማንበት ስለሆነ «ለምን ሳትነግሪኝ?» የሚል ነገር አይነሣም።

የሚመለስበትን ቀን ደግሞ እንደ ቁርጥ ቀን አትያዢው። አሁን ባለንበት ጊዜ መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይበላሻል፣ ሥራው ይጨመራል። እኔ እሱ በነገረኝ ቀን ላይ ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ጨምሬ ነው አስቤዛዬንም ሥራዬንም የማቅደው። ቀድሞ ከመጣ በረከት ነው።

ሥራሽን ቀንሺ

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች አይስማሙኝም። «ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ጊዜ እንዴት ሥራ እመልሳለሁ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ያስፈልጋል። ግን የሁለት ሰው ቤት በአንድ ሰው ሲያዝ ከሆነ ቦታ መቀነሱ አይቀርም። አንቺ ካልመረጥሽ በራሱ ይመርጣል፤ ከእንቅልፍሽ፣ ከልጅሽ ምግብ ወይም ከስፌትሽ ጥራት ይቀንሳል። እኔ መቀነስ የመረጥኩት ከትዕዛዙ ነው። እሱ ቤት እያለ በሳምንት ሦስት ቀሚስ የምቀበል ከሆነ፣ እሱ ሲወጣ ሁለት ነው። ይህን ደግሞ ቀብድ ከመቀበልሽ በፊት ነው ማድረግ ያለብሽ። ቀብድ ከበላሽ በኋላ የሚመጣ ይቅርታ ደንበኛ ያሳጣል።

የማስረከቢያ ቀንም ቀደም ይበል። ለጥምቀት የሚፈለገውን ቀሚስ «ጥር 5 ውሰጂ» እላለሁ። በመካከል ያሉት ቀናት ለልጅ ትኩሳት የተቀመጡ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ብርዱ ስለሚበረታ ጉንፋን ከቤት አይጠፋም። ልጆቹ ካልታመሙ ቀሚሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ደንበኛዋም ትደሰታለች።

ከዚያ ሥራሽን ጸጥታ የሚፈልግና የማይፈልግ ብለሽ ለዪው። ጨርቅ መቁረጥ ጸጥታ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ መቀስ ሸማኔው ሳምንት የደከመበትን ጥበብ ያበላሻል። ስለዚህ የምቆርጠው ትልቋ ትምህርት ቤት፣ ትንሹ ቤት ባለበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:00። ልኬት መውሰድ፣ መዘምዘም፣ ቁልፍ መትከል ልጅ አጠገቤ እያወራም ይሆናል። ቢሮ የምትሠሪም ብትሆኚ ይኸው ነው። ሒሳብ መዝጋትና ሪፖርት መጻፍ ለጠዋት፣ ስልክና ፋይል ማስተካከል ለከሰዓት።

ተቀጣሪ ከሆንሽ የዓመት ፈቃድሽን አስቢበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። እሱ በማይኖርበት ወቅት የሚያስፈልጉ ጥቂት ቀናት አስቀሪ። ለአለቃሽም ከወዲሁ ንገሪው፦ «ከዚህ እስከዚህ ባለቤቴ የለም፤ ልጅ ከታመመ እኔ ነኝ ያለሁት።» አስቀድሞ የሰማ አለቃ በዕለቱ ከሚሰማው የተሻለ ይረዳል። መሥሪያ ቤትሽ የሕፃናት ማቆያ እንዳለውም ጠይቂ፣ አንዳንዱ አለው።

ልጅ ወደ ሱቅ መውሰድ ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። ካውያ፣ መቀስ፣ መርፌና ቁልፍ የሁለት ዓመት ልጅ እጅ የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው። የካውያው ገመድ ከጠረጴዛ አይንጠልጠል፣ ልጁ ይጎትተዋል። ቁልፍ ክዳን ባለው ጣሳ ይሁን፤ ትንሽ ልጅ ከዋጠው ያንቃል። ወለል ላይ ለወደቀ መርፌ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት አለኝ። ልጁ ከመግባቱ በፊት ወለሉን በእሱ አብሳለሁ።

ማታ አልሠራም። ልጆቹ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይተኛሉ፤ እኔም 3 ሰዓት ሳያልፍ እተኛለሁ። ንጋት 10:30 ላይ ተነሥቼ የምጠልፈው ጥልፍ፣ ማታ ዓይኔ እየተከደነ ከምጠልፈው በእጅጉ ይሻላል።

ውኃ፣ እንጀራ፣ ከሰል

የጎንደርን ውኃ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። በተራችን ቀን ሌሊት ሊመጣ ይችላል። እሱ ሲኖር ሌሊት የሚነሣው እሱ ነበር። አሁን ቧንቧው ሥር ባልዲ ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ውኃ ሲመጣ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል። ሮቶውና ጀሪካኖቹ ሁሉ ክዳን ይኑራቸው። ሕፃን ልጅ ባልዲ ውስጥ ባለ ጥቂት ውኃም ሊሰጥም ይችላል። የልጅ መታጠቢያ ውኃ ከተጠቀምሽበት በኋላ ወዲያው ይደፋ።

እንጀራ ለብቻሽ ስትሆኚ አትጋግሪ። ሊጡን ማብካት፣ አብሲቱን መጣል፣ መብራት መኖሩን መጠበቅ፣ በዚያ ላይ በጋለ ምጣድ ዙሪያ ልጅ የሚሮጥ ከሆነ አደጋ ነው። እኔ በሳምንት ሁለቴ ከሰፈር ጋጋሪ እወስዳለሁ። ዋጋው ከራሴ ጤፍ ይበልጣል፤ ግን የተረፈኝ ግማሽ ቀን አንድ እጅጌ ይሰፋልኛል። የደረቀውን ድርቆሽ አደርገዋለሁ፣ ለፍርፍር ይሆናል። ሽሮና በርበሬ ክረምት ላይ ይዘጋጅ። በሶ ከቤት አይጥፋ፤ ጠዋት በስኳር በጥብጦ መስጠት ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሆነ የእኔ ምግብ ቀላል ነው፤ ለልጆቹ ግን ወተትና እንቁላል አይቋረጥም።

ስለ ከሰል አጥብቄ የምለው አለ። የታኅሣሥ ብርድ ሲበረታ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት የሚያስገባ ሰው አለ። አታስገቢ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል፣ ከተኛሽም አትነቂም። ልጆቹን ደርበሽ አልብሺ፣ አብራችሁ ተኙ፣ ጋቢ ጨምሩ።

ማን ይይዝልሻል

ትንሹን ቀን የምትይዝልኝ ልጅ አለች። የማታ ተማሪ ናት፣ 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለባት። ስለዚህ እኔ ሱቄን 10:30 ላይ ዘግቼ በባጃጅ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ እደርሳለሁ። ደንበኛ ቢመጣም ይህ ሰዓት አይነካም። የእሷን ትምህርት ባስተጓጉል የምትጎዳው እሷ ናት፣ ቀጥሎ ደግሞ እሷን የማጣው እኔ ነኝ። ሠራተኛ የምትቀጥሪ ከሆነ ባለቤትሽ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትግባ። ልጁ አባቱንና የለመደውን እጅ በአንድ ቀን እንዳያጣ።

እማዬ የምላቸው አማቴ ከደንቢያ ይመጣሉ። መምጣታቸው ለቤቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የሁለት ዓመት ልጅ ሲሮጥ ሊከተሉት አይችሉም። እኔ ማባረሩንና ማጠቡን ለራሴ ይዤ ማብላቱንና ማስተኛቱን ለእሳቸው ተውኩ። እማዬ እጅ ላይ ልጁ ሁለት ጉርሻ ይበልጥ ይበላል። ትልቅ ሰው ሲመጣ «ምን ላግዝሽ?» እስኪሉሽ አትጠብቂ፤ የሚያስደስታቸውንና የሚችሉትን ሥራ በአክብሮት ስጫቸው። ባዶ እጅ መቀመጥ እንግድነት እንዲሰማቸው ያደርጋል።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ ከእኛ በታች ያሉት እትዬ የቤቴ ቁልፍ አላቸው። እኔም የእሳቸውን መድኃኒት ከፋርማሲ አመጣለሁ። ቁልፍ የምትሰጪው ሰው ጋ መሰጣጣት ይኑር፤ እንዲህ ከሆነ ሌሊት በር ለማንኳኳት አታፍሪም።

ለትምህርት ቤቱ ልጄን መውሰድ የሚችሉትን ሁለት ሰዎች ስም ጽፌ ሰጥቻለሁ። ከልጄ ጋር ደግሞ የምናውቃት የምስጢር ቃል አለችን። «እናትሽ ልካኝ ነው» የሚል ሰው ቃሏን ካላወቀ አትሄድም። የኮንትራት ባጃጅ ከሆነ የታርጋ ቁጥሩን ያዢ፤ ልጅ ከሹፌሩ ጎን አይቀመጥ።

ልጅ ሲታመም

የሐኪም ቤት ቦርሳ በር አጠገብ ይንጠልጠል። የክትባት ካርድ፣ የጤና መድን ደብተር፣ ጋቢ፣ ቅያሪ ልብስ፣ የእጅ ብር። እንደ እኔ ደመወዝ የሌለሽ ከሆንሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትሽ መታደሱን እሱ ከመውጣቱ በፊት አረጋግጪ። የመድኑ መንገድ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ከዚያ ነው ሪፈር ወደ ሆስፒታል የሚጻፈው። የልጆቹን ክብደት በወረቀት ጻፊና ቦርሳው ውስጥ ክተቺ። የትኩሳት መድኃኒት የሚለካው በክብደት ነው፤ ሌሊት ድንግጥ ብለሽ ስትጠየቂ ከአፍሽ ይጠፋል።

ለተቅማጥ ለምለም የሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት (ኦ.አር.ኤስ) ከቤት አይጥፋ። አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይተሽ ይበልጥ በዝግታ ቀጥይ። ጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጡሻል።

እስኪነጋ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም በሩ ጀርባ ተጽፈዋል። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘና አልነቃ ካለ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ በዚያው ሰዓት ውጪ። ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ። አንዱን ልጅ የሚይዝ፣ ሌላውን የሚያቅፍ ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤቴን እትዬን የምቀሰቅሳቸው ለዚህ ነው፣ አይከፋቸውም።

አባትየው ከሩቅ አባት ሆኖ ይቆይ

ልጅ ተኝቶ እያለ ሹልክ ብሎ መሄድ መልካም አይደለም። ሲነቃ ያጣዋል፣ ከዚያ እናቱም የምትጠፋ ይመስለዋል። እኛ ቤት አባት ስሞ፣ ተሰናብቶ፣ ልጆቹ እያዩት ነው የሚወጣው። ያለቅሳሉ። ያልፋል።

«አባባ መቼ ይመጣል?» ለሚለው ቀን አልሰጥም፣ ቀኑ ስለሚንሸራተት። ይልቅ አባቷ አንድ ነገር አዘጋጀላት። በትልቅ ወረቀት ላይ የሚቀየሰውን መንገድ ሥሎ በየኪሎ ሜትሩ ምልክት አደረገበት፣ ተራራውና ወንዙም አለበት። በደወለ ቁጥር የት እንደደረሰ ይነግራታል፣ እሷም ያንን በቀለም ትቀባለች። መንገዱ ሲሞላ አባባ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ቁጥር ቆጠራ ተማረች፣ አባቷ ምን እንደሚሠራም ታውቃለች። የአንቺ ባል ነጋዴ ከሆነ የሚያልፍባቸው ከተሞች፣ ሐኪም ከሆነ የሚጎበኛቸው ጤና ጣቢያዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ስልክ በተወሰነ ሰዓት እንዲደውል ለልጆቹ ቃል አትግቢላቸው። ከደባርቅ ወዲያ ኔትወርክ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ሰዓቱን ጠብቃ ያልተደወለላት ልጅ ምሽቱን ሙሉ ታዝናለች። ለዚህ መፍትሔው አባትየው ከመሄዱ በፊት ተረት በድምፁ መቅዳቱ ነው። «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፣ እሱም እንዲመልሱ ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል። የጅብና የጦጣ፣ የአንበሳና የአይጥ። ኔትወርክ አይፈልግም። ትንሹ በዚያ ድምፅ ነው የሚተኛው።

አንድ የቤት ሥራም የእሱ ሆኖ ይቅር። የትምህርት ቤት ክፍያውን እሱ ከዚያ ሆኖ በስልክ ይከፍላል፣ ከመምህሯም ጋር የሚያወራው እሱ ነው። የተለየው አካሉ እንጂ ኃላፊነቱ አብሮት ሄዷል።

ለቅሶና ድግስ

ይህን ማንም አይጽፈውም፣ ግን ጊዜሽን የሚበላው ይህ ነው። ባል ሲወጣ የሁለታችሁም ማኅበራዊ ግዴታ አንቺ ላይ ይወድቃል። የእሱ እድር፣ የእሱ የአክስት ልጅ ሠርግ፣ የአንቺ ማኅበር። እኔ መስመር አስምሬያለሁ። ለቅሶ እሄዳለሁ፤ የእሱ ወገን ከሆነም በስሙ እቆማለሁ። የታመመ እጠይቃለሁ። ክርስትና፣ ልደትና ምርቃት ላይ ግን ስጦታ ልኬ በስልክ እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ። ምክንያቱን በግልጽ እናገራለሁ፦ «እሱ መስክ ነው፣ ልጆቹን የሚይዝልኝ የለም።» አብዛኛው ሰው ይረዳል። የሚቀየም ካለም እሱ ሲመለስ ሄዶ ያስታርቃል፤ ይህንንም ወረቀቱ ላይ ጽፈነዋል። የእድር ክፍያ ግን አንድም ወር አይለፍ።

ሲመለስ

በመጣበት ማታ ቅሬታሽን አታውርጂበት። እሱም ደክሟል፣ ፀሐይ በልቶታል። ገላውን ይታጠብ፣ ከልጆቹ ጋር ይጫወት፣ ይተኛ። በማግስቱ ግን ቤቱን ሙሉ በሙሉ ለእሱ ትተሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ። አብረሽ ቆመሽ «ያንን እንዲህ አድርግ» አትበዪው። ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ሊሸሸው ይችላል፤ አታስገድዱት፣ አንድ ሁለት ቀን ነው። እሱ በሌለበት የተቀየረውን ሕግም ንገሪው። ትልቋ አሁን ለብቻዋ ትታጠባለች፣ ማታ ከ1:30 በኋላ ቴሌቪዥን የለም። ይህን ሳያውቅ ቢያፈርሰው ልጆቹ ሁለት ሕግ ይማራሉ።

ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ ከተመለሰ አንድ ነገር ተከታተዪ። ወባ ከተነከሱ ከሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሊነሣ ይችላል። ጎንደር ደጋ ናት ብላችሁ ትኩሳቱን ለጉንፋን አትስጡት። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር፣ የት እንደነበረም ይንገራቸው።